ከአቡጀዲው ጀርባ

መቶ አለቃ ታፈረ ከወገዳ ጀምሮ በቅሎውን እረፍት የነሳት ለሬሳ ብሎ አልነበረም። ፊልም ሊያይ ነበር። ስማዳ ውስጥ የከብት ስርቆት ሲመረምር ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ንፋስ መውጫ ላይ የህንድ ፊልም እንደሚታይ በሰማ ጊዜ የቀረውን ሥራ ለበታቹ ጥሎ ገሠገሠ። የጋይንቱ መርማሪ እንዲህ ያለ አመል እንዳለበት አገር ያውቃል። ጎንደር ሲማር ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ሲኒማ ቤቱን ያዘወትር እንደነበር ራሱም አይደብቅም።

ሲደርስ ግን ፊልሙ አልቋል። በነጋዴው በራሺድ የእህል መጋዘን በር ላይ ሕዝቡ ተጨናንቆ ቆሟል። ታፈረ ሰዉን እየገፋ ገባ። መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በጆንያ እንደተደፈኑ ናቸው። ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሮ የነበረው ነጭ አቡጀዲ ባንድ ጎኑ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ከአቡጀዲው ጀርባ፣ በገብስ ጆንያዎች መካከል፣ ልብስ ሰፊው ደምሌ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን በሚዛን ድንጋይ ተመትቶ ነበር፤ ድንጋዩም እዚያው አጠገቡ ወድቋል።

ታፈረ ሟቹን ይወደው ነበር። ደምሌ ጨርቅ ሊገዛ ጎንደር ወይም ደሴ በሄደ ቁጥር አዲስ የመጣውን ፊልም ሳያይ አይመለስም። ተመልሶ ሲተርክና ሲተች ደግሞ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ይረሳዋል። የፋሲካ ሰሞን የታየውን የጦር ፊልም «ፈረሶቹ ከሰዎቹ የተሻለ ይሠራሉ» ብሎ ጨረሰው። ባለፈው ወር የመጣውን የፍቅር ፊልም ደግሞ «ዘፈኑን ቢቀንሱት ኖሮ ልጅቷ ሳታረጅ ታገባ ነበር» አለ። ተዘዋዋሪው ፊልም በመጣ ቁጥር ከመጀመሩ በፊት ሣጥን ላይ ቆሞ አስተያየቱን ይናገራል፤ ሕዝቡም የሱን አፍ አይቶ ይገባል ወይም ይቀራል። ታፈረ የፈረስና የሽጉጥ ፊልም ስለሚወድ፣ ደምሌ ደግሞ የሚያስለቅሰውን ስለሚመርጥ፣ ሁለቱ ተገናኝተው ሳይከራከሩ የተለያዩበት ቀን የለም። ከእንግዲህ ግን የሚከራከረው ሰው የለም።

ገዳይ የተባለው ሰው ወዲያው ተይዟል። ጓዴ ይባላል፤ ፊልሙን በላንድሮቨር ጭኖ ከደብረ ታቦር እየመጣ የሚያሳይ ሰው ነው። ፊልሙ ሳይጀመር ደምሌ ሣጥኑ ላይ ቆሞ ሲነቅፈው፣ ጓዴ ሕዝብ እየሰማ ዝቶበታል። የታፈረ አለቃ የሆኑት ሻምበል ቀለመ ወርቅም ከዚህ ሌላ መስማት አልፈለጉም።

«ነገሩ የለየለት ነው» አሉ። «ሰኞ ጧት በገዛ መኪናው በሰንሰለት ይሄዳል። ነፍስ ያጠፋ የሚጠብቀውን ታውቃለህ።»

ታፈረ ያውቃል። እንደዚህ ያለ ሰው መጨረሻው ገመድ ነው። እሑድን ብቻ እንዲተዉለት ለመናቸው፤ ፊታቸውን አጨፍግገው ፈቀዱ።

ሬሳው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ታፈረ ከአቡጀዲው ጀርባ ያለውን ቦታ በእንብርክክ ፈተሸ። በስተኋላ ጠባብ በር አለች። የምትወስደው መብራት የሚሰጠው ሞተር ወደሚያጓራበት ግቢ ነው፤ ሞተሩ እየጮኸ የሰው ጩኸት ቀርቶ ጥይትም አይሰማም። ለበሩ ቅርብ ከሆኑት ጆንያዎች አንዱ ላይ ገብሱ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። ታፈረ ራሱ ሌላው ጆንያ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ሲነሳ ጉድጓዱ እንደዚያኛው አልሆነም። እዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው ቆይቷል።

በማግስቱ ጓዴን ጠየቀው። ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ ዓይኑ አብጧል።

«ዝቼበታለሁ፣ አልክድም» አለ። «ሰው ፊት አዋረደኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ፊልሙስ ጥሩ ነው፣ ጎንደር አይቼዋለሁ፤ ይኸ ሰውዬ ያመጣላችሁ ግን ተበጣጥሶ ያለቀውን ነው፤ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላችኋል› አለ። እኔም ‹ይኸን አፍህን አንድ ቀን እዘጋልሃለሁ› አልሁት።»

«ፊልሙ እየታየ ከማሽኑ ተነስተሃል?»

«እንዴት ብዬ ጌታዬ! መጠቅለያው ተሰብሮ ፊልሙን በእጄ ነው የምጠቀልለው። ለቅጽበት ብለቀው መሬት ላይ ተዝረክርኮ ይተበተብና ሥዕሉ ይቆማል።»

ታፈረ ሄዶ ማሽኑን አየ። መጠቅለያው እውነትም ተሰብሮ በጠፍር ታስሯል። ነገር ግን በጨለማ ውስጥ ጓዴን አየሁት የሚል ምስክር አልተገኘም፤ ሰዉ ሁሉ ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ነበር።

ከዚያ ወደ ራሺድ ሄደ። ሚዛኑም መጋዘኑም የራሺድ ስለሆነ ሽማግሌው ነጋዴ ፈርቷል። የኋላውን በር ያልቆለፈው ጓዴ ሞተሩን እንዲያይ ብሎ መሆኑን፣ እሱም ከሚስቱ ከሀቢባ ጋር ከፊት ተቀምጦ እንደነበር ተናገረ። ታፈረ በመጨረሻ ፊልሙን እንዴት እንዳገኘው ሲጠይቀው ራሺድ ግራ ገብቶት አየው። ሰው ሞቶ መርማሪው ስለ ፊልም ይጠይቃል የሚለው ወሬ ጧቱኑ ከተማውን ሞልቶታል።

«ለቅሶው በዛብኝ» አለ ራሺድ። «ግን ህንዶቹ ጨዋ ሕዝብ ናቸው። ጠፍቶ የኖረው ልጅ ከናቱ ቤት ሲበላ እጁን ታጥቦ፣ በቀኙ እየጠቀለለ ነው። ሀቢባም ‹እንደኛው ናቸው› አለችኝ።»

«ለቅሶው ለኔም ይበዛብኛል» አለ ታፈረ።

የደምሌ ሚስት የሺ ከል ለብሳ ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጣለች። ታፈረ ሲጠጋት ተነስታ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ከጎኔ ነበር» አለች። «ልጁ ናቱ ቤት በልቶ ሲጨርስና ዘፈኑ ሲጀምር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንሾካሾከለት። ጨለማ ነው፣ ፊቱን አላየሁትም። ደምሌም ‹ይቺን ዘፈን አውቃታለሁ፣ መጣሁ› ብሎኝ ተነሳ። በዚያው ቀረ።»

«ጠላት ነበረው?»

«ፊልም ከሚያሳዩት በቀር ማንንም አይናገር። ሰኞ ግን ችሎት ሊመሰክር ነበር። ግራዝማች ሞላ ከሟች ወንድማቸው ልጆች ጋር በርስት ይካሰሱ የለ? እርሻችን ከዚያ ርስት ይዋሰናል። ግራዝማች የድንበሩን ድንጋይ አስነስተው ወደ የቲሞቹ መሬት ሲያስገቡት ደምሌ አይቷል።»

ግራዝማች ሞላ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እንጨት የሚሰጡ። ታፈረን ከመደባቸው ሳይነሱ ተቀበሉት። አሽከራቸው ቻላቸው በሩ ሥር ቆሟል።

«ግራዝማች፣ ትናንት ፊልም ቤት ነበሩ ይባላል።»

«ነበርሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ባልወድም አገሩ ሁሉ ሲሄድ ሄድሁ። ከጀመረ በኋላ ገብቼ ከዋናው በር ሥር ቆምሁ፤ ሳያልቅም ወጣሁ። ቻላቸውም አብሮኝ ነበር።»

አሽከሩ ራሱን ነቀነቀ።

«እንዴትስ አገኙት?»

«ነውረኞች ናቸው» አሉ ግራዝማች፤ ማየታቸውን ሊያስረዱም የፈለጉ ይመስላል። «ያ ጎረምሳ ናቱ ፊት ቁጭ ብሎ በግራ እጁ ይጎርሳል። እናቲቱም ዝም ትለዋለች። የኔ ልጅ ቢሆን እጁን በአርጩሜ እልለት ነበር። ይኸን ነው ለልጆቻችን የምታሳዩት?»

ታፈረ አመስግኖ ወጣ። መንገድ ላይ ከደብረ ታቦር ህንዳውያን አስተማሪዎች ጋር ባንድ ገበታ የቀረበበትን ቀን አሰበ። ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይበሉ ነበር። ከዚያ ወደ ሻምበሉ ሄዶ፣ ሁሉም ሰው ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ እንዲሰበሰብ፣ ጓዴም ሰንሰለቱ ተፈትቶለት ፊልሙን እንዲያሳይ ለመነ። ሻምበሉ እንደ እብድ አዩት።

«ካልሆነ?» አሉ።

«ካልሆነ ነገ ጓዴን ራሴ እወስደዋለሁ።»

መስኮቶቹ እንደ ቅዳሜው ተደፈኑ፤ አቡጀዲው ተወጠረ። ሻምበሉ ከፊት ተቀመጡ። ራሺድና ሀቢባ፣ የሺ፣ ግራዝማች ከነአሽከራቸው ተከታትለው ገቡ። ጓዴ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን ይሰካል። ታፈረ ደምሌ ይቆምበት በነበረው ሣጥን አጠገብ ቆሞ ተናገረ።

«በብስጭት የሚገድል ሰው እዚያው በተናደደበት ይገድላል። የደምሌ ገዳይ ግን በኋላው በር ገብቶ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጠብቆታል። የተቀመጠበት ገብስ እስካሁን ጎድጉዷል። ጓዴ እዚያ ተቀምጦ ሊጠብቅ አይችልም፤ ማሽኑን ለቅጽበት ቢለቅ ሥዕሉ ይቆም ነበር። ቅዳሜ ሥዕሉ ሲቆም ያየ አለ?»

ማንም አላየም።

«ደምሌ ወደዚያ የሄደው ተጠርቶ ነው። የተጠራውም በፊልሙ ውስጥ ያለው ልጅ በልቶ ሲጨርስ ነው። እንግዲያው ልጁ ሲበላ ገዳዩ ከአቡጀዲው ጀርባ ነበር። ጓዴ፣ የሚበላበትን አሳየን።»

ሞተሩ ግቢው ውስጥ አጓራ። አቡጀዲው ላይ ዝናብ የመሰለ ጭረት ወረደ፤ ከጭረቱ ውስጥ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ ታዩ። እናቲቱ ውኃ አፈሰሰችለት። ልጁ ታጠበ፤ ጠቀለለና ጎረሰ።

«በየትኛው እጁ ነው ግራዝማች?»

«በቀኙ» አሉ ግራዝማች፤ ፊታቸው ተቆጣ። «ግን ይኸ አይደለም የታየው። ለውጣችሁታል።»

ራሺድና ሀቢባ ያው የቅዳሜው መሆኑን መሰከሩ። ታፈረ ጓዴን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያሳይ ነገረውና ግራዝማችን ክንዳቸውን በአክብሮት ይዞ ከአቡጀዲው ጀርባ አዞራቸው። ሻምበሉም ተከተሉ። ስሱ ጨርቅ ብርሃኑን አሳልፎታል፤ እናቲቱና ልጁ ከዚህም ወገን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ልጁ ታጠበ፤ ጠቀለለና ጎረሰ። በግራው ነበር።

ሻምበሉ «ኧረ በሥላሴ» አሉ ቀስ ብለው።

«ከዚህ ወገን ሁሉ ነገር ይገለበጣል» አለ ታፈረ። «ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው ፊደልም ተገልብጧል፤ እርስዎ ግን የፈረንጁን ፊደል አያውቁትምና አላስተዋሉትም። የግራ እጅ ነውር ግን አያመልጥዎትም፤ የማንኛችንንም ዓይን አያልፍም። ከፊት ለፊት የነበረ ሰው ሁሉ በቀኙ ሲበላ አይቷል። በግራው ሲበላ ያየ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ግራዝማች ሥዕሉ ላይ አፈጠጡ።  ታፈረ ወደ ፊት ተመልሶ ወደ ቻላቸው ሄደና፣ በደምሌ ጆሮ ያንሾካሾከው እሱ እንደሆነ ጠየቀው። አሽከሩ እግሩ ላይ ወደቀ።

«‹ለዕርቅ ይፈልጉሃል፣ በጓሮ በር ብቅ በል› በለው አሉኝ» አለ። «ለዕርቅ መስሎኝ ጌታዬ። አብሬያቸው አልነበርሁም፤ ከነገርሁት በኋላ ውጭ በቅሎአቸውን ይዤ ነው የቆምሁት።»

የሺ ቀና አለች። ለዕርቅ ተብሎ የተጠራ ሰው ዱላውን እንኳ ይዞ እንደማይሄድ ሁሉም ያውቃሉ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሰዉን ያስቆጣው ያ ነው። ከጓዴ የተፈታው ሰንሰለት ግራዝማች እጅ ላይ ገባ። ጓዴ ማሽኑን አጥፍቶ መሬት ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ወደ የሺ ቀርቦ አንገቱን ደፋ።

«እናቴ፣ ባልሽ እውነቱን ነበር» አላት። «ፊልሙ ያለቀለት ነው። እያወቅሁ ነው የዛትሁበት። ይቅር በይኝ።»

እሷም ይቅር አለችው። ግራዝማች ሞላ ግን ራሳቸውን ቀጥ አድርገው ይዘዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆመው ወደ ታፈረ ዞሩ።

«የኔ ዕድሜ እንደሁ አልቋል» አሉ። «ርስቱ ግን ለልጆቼ ነው። የሚመሰክርባቸው የለም።»

ታፈረ እውነት መሆኑን ያውቃል። ሰውዬውን ይዞታል፤ የየቲሞቹ መሬት ግን ከደምሌ ጋር አብሮ ሊቀበር ነው። ያንጊዜ የሺ ነጠላዋን አጥብቃ መጣች።

«ድንጋዩን ሲያስነሱ ባቄላ እየሰበሰብን ነበር» አለች ግራዝማችን ዓይን ዓይናቸውን እያየች። «እኔም ከጎኑ ነበርሁ። ያነሱትን ሰዎች ከነስማቸው አውቃቸዋለሁ። ባሌ ሲናገር ይበቃል ብዬ ዝም አልሁ እንጂ የሚጠይቀኝስ ማን ነበር? ነገ ችሎት እቆማለሁ።»

ግራዝማች ሞላ ቀጥ አድርገው የያዙትን ራሳቸውን ደፉ። ፖሊሶቹም ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው።