ድንጋይህን አስቀምጥ

«ሐመልማል፣ ተራሽ ደርሷል» አለ እንድርያስ።

ሐመልማል የአሥራ አንድ ገጽ ጽሑፏን ይዛ ተነሣች። «አቦ ሃሚ፣ ይሄ ሁሉ? ትቀልጃለሽ!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ፀዲ።

ሰው ያለ አለቃ ተስማምቶ መኖር ይችላል የሚሉት የሰፈሩ አናርኪስቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ በአንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ስብሰባውን የሚመራው የሐመልማል የአክስት ልጅ እንድርያስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጽሑፍ እንድታቀርብ እንዲፈቅድላት ሦስት ወር ለምናዋለች።

ደብተሯ ጀርባ ላይ ግን ሌላ ነገር መዝግባለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ሰው፣ ባለፈው አሥራ ሁለት፣ ዛሬ ዘጠኝ። የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው ሦስት ሰዎች ናቸው። ዛሬ የመጡትም በሚቀጥለው ቅዳሜ ካልተመለሱ ስብሰባው ማብቃቱ ነው። ከፊት የተቀመጡት፣ ጉሊት የሚሸጡት እትዬ አገርነሽ ከወዲሁ እያንቀላፉ ነው።

ጽሑፏን አጠፈችው።

«እትዬ አገርነሽ፣ ቦኖው ጋር የውሃውን ሰልፍ የሚያስከብረው ማነው?»

አገርነሽ ነቃ አሉ። «ማንም! ጀሪካንሽን ደርድረሽ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ። ጀሪካን ከሌለሽ ድንጋይ ታስቀምጫለሽ።»

«ድንጋዩን ሰው ቢያነሣውስ?»

«ማን ደፍሮ!»

«አራስ ያለበት ቤት ደግሞ ቀድሞ ይቀዳል» አለ ጎሚስታው ቱሉ ከኋላ። በአዳራሹ ውስጥ ድምፁ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

«ማን ወሰነ?»

«ተጣላንና እዚያው ቆመን ተነጋገርን፣ አለቀ።»

«ያጣላኸን አንተ አይደለህ እንዴ?» አሉት አገርነሽ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም የሚለው ነገር ነበረው፤ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ ያወራ ጀመር።

እንድርያስ እጁን አወጣ። «ይህ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሲታይ…»

«አንተ ልጅ፣ ተራ ያዝ! ድንጋይህን አስቀምጥ» አሉት አገርነሽ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እንድርያስ ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ወንበሩን ከፊት አንሥቶ ቱሉ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

ሐመልማል ለተናገረ ሰው ሁሉ በደብተሯ ላይ ያደረገቻቸውን ምልክቶች ቆጠረች። ዘጠኙም ተናግረዋል። ደግማ ቆጠረች፤ ዘጠኝ።

ሲበተኑ እንድርያስ ጠመኔውን አቀበላት። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጻፊ። አቅራቢ ማን ይሁን?»

ሰሌዳው ላይ «አቅራቢ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ባዶውን ተወችው። «ቦታ» ከሚለው ፊት ለፊት ግን በትልልቁ ጻፈች፦ ቦኖው ጋር።