ከመታጠቢያ ቤት የሚመለስ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከአንድ የለንደን ዣንጥላ መሸጫ በላይ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮ ሬጅ ፔንዳል ከቀትር በኋላ እንደ ወትሮው ኤሌክትሪክ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ። ዘፋኝ የሌለው ቡድናቸው ያወጣው ሙዚቃ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገበያውን መርቷል። ያ ከሰማይ የሚወርድ የሚመስል ቀጭን፣ ተንቀጥቃጭ ዜማ የሬጅ ነበር፤ ሸክላው ላይ የታተመው ስም ግን የፕሮዲውሰሩ የኦልድክሮፍት ብቻ። ሌባ በመስኮት ይገባል፤ ይሄኛው በር ከፍቶ፣ ሻይ ጋብዞ ይሰርቃል። አዲሱ ሸክላ ላይ ስሙ ካልሰፈረ ሬጅ ቅጂውን ላይጨርስ ምሏል።

«ዛሬም ልትለምነው ነው?» አለ ከበሮ መቺው ኬን፣ ድርሻውን ጨርሶ ሲወጣ።

«ለምኜ አላውቅም!»

«እንግዲያው ቀስ በል፤ አለመለመንህ ሱቁ ድረስ ይሰማል።»

አሠራራቸው የታወቀ ነው። ሬጅ የሚጫወተው በሽቦ መታጠቢያ ቤት ወዳለው የድምፅ ማጉያ ይላካል፤ ከባዶው ግድግዳ ተጋጭቶ ሲመለስ ማይክሮፎን ይለቅመዋል፤ በዚያ ቅጂ ላይ ሌላ ይደረብበታል። በመጀመሪያው ድርብ ከዜማው ኋላ ትንፋሽ ተሰማ። በሁለተኛው ትንፋሹ ቀረበ፤ የተቃጠለ አቧራና የእርጥብ ሳሙና ሽታም አብሮት መጣ። በሦስተኛው፣ ተከትሎት መምጣት የነበረበት የድምፁ ማሚቶ ጣቱ ቁልፉን ሳይነካ ቀድሞት ደረሰ። ሬጅ እጆቹን አነሳ። ዜማው ቀጠለ።

«ሚስተር ኦልድክሮፍት፣ እኔ እኮ አቁሜያለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ሰውዬው ከመቅጃ ክፍሉ መስታወት ጀርባ፣ ቀና ሳይል። «ማማር የጀመረው አሁን ነው።»

«ስሜን ካልጻፉ…»

«የማን ስም? ድምፁን የሚሠራው መሣሪያው ነው። አንተ ጣት ነህ፤ ጣት ደግሞ ሞልቷል!»

ሬጅ ደሙ ፈላ። ሽቦውን ሊነቅል መታጠቢያ ቤት ገባ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ። በጨለማው ውስጥ ማንም የለም፤ የገንዳው ጠርዝ ግን ሰው አሁን እንደተነሳበት ወንበር ይሞቃል። ሽቦውን በጥሶ ጣለው። ዜማው አልቆመም፤ አሁን የሚመጣው ከስቱዲዮው፣ ከራሱ ኪቦርድ ነበር። በሩ አልከፈት አለው፤ ደበደበ፣ ጮኸ፤ ጩኸቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ፣ በየምላሹ እየቀጠነ ወደ እሱው ተመለሰ።

ዜማው አለቀ። በማዶ ወንበር ተንቋቋ።

«ግሩም ነው!» አለ ኦልድክሮፍት፣ ሬጅ ከአፉ ሰምቶት በማያውቀው ለስላሳ ድምፅ። «በል ወንድሜ፣ ስምህን እጽፈዋለሁ። ማን ልበል?»

«ሬጅ ፔንዳል» አለ የራሱ የሬጅ ድምፅ ከበሩ ማዶ፣ ያለ አንዳች ቁጣ።