ሦስተኛው ፔዳል

«ማንዋል ካምቢዮ የለም ብለውናል በይው አባትሽን፤ በቃ» አለ አጎቷ ራጋቫን፣ ከጃፓን ለሁለት ተቆርጦ የመጣውን፣ ሞተር ያለበትን የመኪና ግማሽ ፒክአፑ ላይ በገመድ እያሰረ።

ማላር በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ማንዋሉ ግን ነበረ። የሸጠላቸው ነጋዴ ራሱ «ይሄ ሞተር ሁለቱንም ካምቢዮ ይቀበላል፤ የቱን ልስጣችሁ?» ሲል ሰምታለች። መዋሸት ሊከብዳት ይገባ ነበር፤ አልከበዳትም። አባቷን ስትሮክ ግራ ጎኑን ሽባ ካደረገው ወዲህ፣ ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ እንደተወጋ ሰው ሁሉ ነገር ደንዝዞባታል። አንዴም አላለቀሰችም። እናቷ «ይቺ ልጅ ድንጋይ ሆነች እንዴ?» እስክትል ድረስ።

ማሌዥያ ውስጥ ካለችው ከተማቸው ከኢፖ ሲደርሱ አባቷ ቤቱ ደጃፍ፣ ከአሮጌዋ ዳትሰን መኪናው አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ዳትሰኗ ዳገት ላይ ስለምታቃስት ትልቅ ሞተር ሊገጥምላት ሲመኝ ኖሯል። አውቶማቲክ ግን አይወድም፤ «ማርሽ ካልለወጥክ ሹፌር ሳትሆን ተሳፋሪ ነህ» ይላል። አሁንም «ለዲፓቫሊ በዓል እኔው ነኝ የምነዳት» እያለ ነው። ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር መሆኑን እዚያ ቤት ውስጥ የሚያነሳ ሰው የለም።

«ይሄ ሞተር የሚሄደው ከአውቶማቲክ ጋር ብቻ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለ ራጋቫን።

አባቷ ሞተሩን አየው። ከዚያ ወደ ማላር ዞረ። «እውነት ነው?»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ የእጅ ባትሪ አስይዞ ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። እጇ ሲዝል «ብሎኑን አብሪ እንጂ አፍንጫዬን አታብሪ» እያለ ይቆጣት ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሞተር ደግሞ አሳምሮ ያውቀዋል።

«ማንዋሉም ነበረ» አለች። «አጎቴ ነው የተወው።»

ራጋቫን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለምን?» አለ አባቷ።

«እግርህ አይረግጥልህማ፣ አባዬ።»

የጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል። አባቷ በቀኝ እጁ ግራ ጉልበቱን ዳሰሰ፣ የሌላ ሰው ጉልበት ይመስል።

«እንግዲያ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ምን ያደርግላታል?» አለ በመጨረሻ። «ፍቺው።»

ማላር የዳትሰኗ መሪ ሥር ገብታ በጀርባዋ ተኛች። የፔዳሉ ጎማ በአባቷ ጫማ ተበልቶ ጠርዙ ሳስቷል። መፍቻዋን ብሎኑ ላይ ሰካች፤ ግን ጨለማ ነበር። አባቷ በራጋቫን ተደግፎ ወንበሩን ወደ መኪናዋ በር አስጠጋና ባትሪውን አበራላት። እጁ ሲዝል ብርሃኑ ከብሎኑ እየሸሸ ፊቷ ላይ ይወድቃል።

«አባዬ» አለች፣ «ብሎኑን አብራ እንጂ አፍንጫዬን አታብራ።»

በግማሽ አፉ ሳቀ። ማላር የረጠቡ ዓይኖቿን በክንዷ ጠረገችና ብሎኑን መፍታት ጀመረች።