ፀሐይ ያላበሰለችው ምስር

ባስካርን ያገኙት ለምሳ ተጠርቶ ስላልመጣ ነው። ከውሃ ጉድጓዱ ወዲያ፣ ከማሽላ አገዳው ክምር ሥር፣ ማጅራቱን ተመትቶ በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ ደም የነካው ቀንበር ወድቋል። ቀንበሩ ደግሞ የጋንጋዳር ነው፤ የሟቹ ሚስት የቫትሳላ ወንድም። አይ ጣጣ! ቫትሳላ ባለፈው ክረምት ልጇን ቀበረች፣ ዛሬ ባሏን አጣች፤ አሁን ደግሞ ያላትን አንድ ወንድም ሊወስዱባት ነው።

ኢንስፔክተር ሱሎቻና መኪናዋን ከበር ውጭ አስቁማ ከፖሊሶቿ ጋር በእግሯ ገባች። በማኅበሩ እርሻ ናፍጣ አይገባም፤ ላምባ እንኳ ቢሆን። መሬቱን የሚያርሰው በሬ፣ ውሃውን የሚስበው በሬ፣ ምሳውን የምታበስለው ፀሐይ ናት። ሁሉም ይህን ምለው ነው የገቡት።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ» አለችው ጋንጋዳርን።

«ትራክተር እንከራይ አልኩት፣ እምቢ አለ። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ማሳ ላይ፣ ብቻዬን። ምስክር ካስፈለገ በሬዎቹን ይጠይቁልኝ!»

«ዝም በል አንተ! ቀልድ አሁን ነው?» ጮኸች ቫትሳላ።

«ምን ላድርግ አካ፣ እህት ዓለም? እውነቱ ይኸው ነው። ያ ቀንበር ትርፍ ሆኖ እዚያ የተጣለ ነው፤ ማንም ያነሳዋል።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ባልዋንት ዞረች። ባልዋንት ማኅበሩን የመሠረቱ ሽማግሌ ናቸው፤ የሙት ልጅ የነበረችውን ቫትሳላን አሳድገው የዳሩ እሳቸው፣ ምሳውንም የፀሐይን ጨረር ድስቱ ላይ በሚሰበስበው ትልቅ መስታወት በየቀኑ የሚያበስሉ እሳቸው። ሁሉም አጎቴ ለማለት «ካካ» ይሏቸዋል።

«እኔማ ከመስታወቱ መች ንቅንቅ አልኩ?» አሉ። «ይሄ መስታወት እንደ ሚስት ነው፤ ትንሽ ፊትዎን ካዞሩበት ያኮርፋል። ፀሐይዋን እየተከተለ የሚያዞረው ሰው ከሌለ ምስሩ ጥሬውን ይቀራል። ምሳ ደግሞ በሰዓቱ ቀርቧል፤ ይጠይቁ።»

ሁሉም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኢንስፔክተሯ ከምስሩ በማንኪያ ቀመሰችና ቫትሳላን አየቻት። «አንቺስ ቀምሰሽዋል?»

«ለባሌ ሳወጣለት ቀምሻለሁ። ላምባ ላምባ አለኝ። እዚህ ላምባ ከየት ይመጣል ብዬ ተውኩት።»

«ባልሽ ወደዚያ ክምር ምን ሊያደርግ ሄደ?»

«የታመመ በሬ አለን፤ አገዳ ሊያመጣለት። ካካ እስከ በጋ አይነካ ብለውን ነበር፤ ለአንድ በሬ ቢሆን አይቆጡም ብሎ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ከመስታወቱ ፊት ቁጢጥ ብላ ከድስቱ አጠገብ ያለውን የእንጨት ምሰሶ በጣቷ ዳበሰች። ጣቷ ጠቆረ። ፖሊሶቿን ወደ ክምሩ ልካ፣ ሁሉንም ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰበሰበቻቸው። ቫትሳላ የወንድሟን እጅ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ገዳዩ ጋንጋዳር አይደለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትሄድ፣ ካልዞረ መስታወት የሚወጣው እሳት ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ዛሬ ድስቱን ትቶ ምሰሶው ላይ ወጥቷል፤ ረጅም መስመር አቃጥሏል፤ ጥላሸቱ ትኩስ ነው። መስታወቱ ለረጅም ጊዜ ጠባቂ አልነበረውም።»

«ካካን አይንኩብን!» ቫትሳላ ብድግ አለች። «እሳቸው አባቴ ናቸው!»

«ቁጭ በይ እህቴ። መስታወቱ ካላበሰለ ምስሩን ማን አበሰለው? አንቺው ነግረሽኛል። ላምባ። ደመና በሆነ ቀንስ ምሳችሁ ዘግይቶ ያውቃል?»

«አንድ ቀንም!» አለ ጋንጋዳር። ፖሊሶቹ አገዳውን ሲገፉ ውስጡ ክፍል ሆኖ ተገኘ፦ የላምባ ምድጃ፣ የናፍጣ ጀሪካንና የውሃ መሳቢያ ሞተር።

«ያ ሌሊት ሌሊት የምንሰማው ሞተር!» አለ ጋንጋዳር። «ካካ የጎረቤት ነው ሲሉን! ‹ስሟቸው፣ ምድርን ሲያቃጥሉ› እያሉ ሲስቁብን! እኛ እኮ ማሳውን ያጠጡት በሬዎቻችን መስለውን ትከሻችን እስኪላጥ...»

«ባስካር ይህን አየ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እርስዎም ከመስታወቱ ሆነው እሱን አዩት።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል ይሄ ነው። ባልዋንት ተንተባተቡ። «በበሬ ብቻ እንደማይሆን ቢታወቅ ማን ይከተለን ነበር? ለእናንተው ብዬ ነው! ‹ዛሬውኑ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ፤ ለምኜው ነበር...»

ቫትሳላ ፊታቸው ቆመች። 

«ልጄ በትኩሳት ስትነድ የጎረቤት ትራክተር በር ላይ ቆሞ ነበር። ‹አንድ ጎማ ከገባ ልፋታችን ገደል ገባ› ብለህ መለስክብኝ። በበሬ ጋሪ ወደ ሐኪም ቤት ይዣት ስሄድ መንገድ ላይ ቀረችብኝ። ያን ለት ይሄ ሞተር እዚህ ነበረ?»

ባልዋንት መሬት መሬት አዩ።

«ንገረኝ!»

«ነበረ፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ።»

የፖሊሱ መኪና ሾፌር ከበር ውጭ ሆኖ ልግባ ወይ ብሎ ተጣራ። ባልዋንት እጃቸው በካቴና ታስሮ እንኳ «መኪናው እንዳይገባ! በእግሬ እወጣለሁ!» አሉ። ቫትሳላ ወደ በሩ ሄደች፤ መቀርቀሪያውን ነቅላ ሁለቱንም መዝጊያ በረገደችው።

«ግባ» አለችው ሾፌሩን። «ባሌን ትወስድልኛለህ።»

መኪናው እስከ ጉድጓዱ ድረስ ያለ ችግር ገባ። መንገዱ ያን ለትም ለትራክተሩ ይበቃ ነበር።