የማናሴ ግራ እግር

ሟቹ መሪውን አቅፎ ነበር የተገኘው። ከመልካሳ መለስ ብሎ ባለው ቁልቁለት፣ ከአስፋልቱ በታች፣ አሮጌው ነጭ ፒካፕ አፍንጫውን ቋጥኝ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። ኢንስፔክተር ሶረቲ ጀቤሳ እሾሁን እየገፋች ወርዳ ስትደርስ የትራፊክ ሳጅኑ ሥራውን ጨርሶ ውሃ ይጠጣ ነበር።

«ፍሬን በጥሶ ነው» አላት። «መካኒኩ ወዬሳ ሰሞኑን ሲነካካው ነበር አሉ። ይዘነዋል።»

«ፍሬኑን አይተኸዋል?»

«ተጨፍልቆ ምን ይታያል?»

ሶረቲ ጥርሷን ነከሰች። ለእነዚህ ሰዎች ምርመራ ማለት ሰው ማሰር ነው፤ ማሰቡ ጊዜ ሲገኝ ይደርሳል። አንገቷን ወደ ጋቢናው አስገባች። የሟቹ ግንባር ደህና ነው፤ ጭንቅላቱ የተሰነጠቀው ከኋላ፣ ከማጅራቱ በላይ ነው። ማርሹ ባዶ ላይ ነው። ጫማዎቹን ተመለከተች። የቀኙ ተረከዝ ተበልቶ ሊያልቅ ደርሷል፤ የግራው ግን ከሱቅ ዛሬ የወጣ ይመስላል።

«ይኼ ሰው ያነክስ ነበር?»

«ማናሴ?» ሳጅኑ ሳቀ። «የአዳማን ሾፌር ግማሹን ያስተማረው እሱ ነው እኮ! አውቶማቲክ ሲያይ ‹የሴት መኪና› ብሎ የሚተፋ ወንድ...» ሶረቲን አየና የቀረውን ከውሃው ጋር ዋጠው።

ማናሴ ከሸሪኩ ከሐዲስ ጋር የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ነበረው። ማናሴ ሜዳ ላይ ያሠለጥናል፤ ሐዲስ ቢሮውን ይይዛል። ሶረቲ ግቢው ስትገባ አሠልጣኞቹ ከበቧት፤ ከሁሉም አፍ የወጣው ግን ያው አንድ ዘፈን ነበር። ማናሴ የማንዋል ሰው ነው፤ ማርሽ ያልቀየረ ወንድ አይደለም። ደሟ ፈላ። ወንድነት በአንድ የብረት ዘንግ የሚለካ ከሆነ ካምቢዮው ራሱ ከሁሉም የበለጠ ወንድ ነው! ስለ ሞተው ሰው ትጠይቃቸዋለች፣ ስለ መኪና ይመልሱላታል።

ሐዲስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀበላት።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ትናንት፣ ከምሳ በኋላ። ፒካፑን ይዞ በዚህ በር ወጣ። ማርሹን እያንጓጓ፣ እንደ ወትሮው።»

«ብቻውን?»

«መሪ ለሰው የሚሰጥ መሰለሽ እንዴ እህቴ?»

«በመኪና ጉዳይ አትስማሙም ነበር ይባላል።»

«ገበያው አውቶማቲክ ሆኗል፣ ለማሠልጠኛም አውቶማቲክ እንግዛ አልኩት። እሱ ተማሪ ሰብስቦ ‹ፍሪሲዮን መርገጥ የሰለቸው እግር ቀሚስ ይልበስ› ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ? ስቄ አልፈዋለሁ።»

«የፒካፑ ቁልፍ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«እዚሁ፣ ከጀርባዬ ምስማሩ ላይ።»

ሶረቲ ስትወጣ ፒካፑ ይቆምበት የነበረውን ጥግ አየች። ዙሪያውን ሣር በቅሏል። ጎማዎቹ ያረፉባቸው ቦታዎች ብቻ መላጣ ናቸው። ይህ መኪና እንደ ወትሮው የሚወጣና የሚገባ መኪና አልነበረም።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አበዛሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ላይ ነበረች። ሶረቲ ለብቻዋ ጓዳ አስገባቻት።

«ባለቤትዎ ወደ ሥራ በምን ነበር የሚሄዱት?»

«በመኪናው።»

«ወይዘሮ አበዛሽ፣ መኪናው የቆመበት ቦታ ሣር በቅሎበታል።»

ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አደራ ብሎኝ ነው። የግራ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ፍሪሲዮን ሲረግጥ እንደ ሕፃን ይጮህ ነበር። ኦፕራሲዮን ተሠራ ቢሉት ፈራ። በባጃጅ ሄዶ ከማሠልጠኛው ማዶ ይወርዳል፤ ሰው ሳያይ ግቢ ገብቶ አሠልጣኝ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ፒካፑ ለምን ቆመ ሲሉት ‹አርጅቷል› ይላል። አውቶማቲክ ሊገዛ ነበር።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ወዬሳ ብቻ። ‹ሐዲስ እንዳይሰማ፣ መሳቂያ ያደርገኛል› ይለኝ ነበር። ሞቶም እየደበቅሁለት ነው። ምን ዓይነት እልህ ነው ይኼ?»

«ከሐዲስ ጋር ሌላ ጉዳይ ነበራቸው?»

«ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክርበት ነበር! ሐዲስ መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎችን ሠልጥነዋል እያለ ያሳልፋል። ከነሱ አንዱ ሻሸመኔ መንገድ ላይ እናት ከነልጇ ገጨ። ለሳጅኑ ነገርኩት እኮ! ‹ፍሬን ነው እናቴ፣ አይጨነቁ› አለኝ።»

ሶረቲ ከዚያ ቤት ጣቢያ እስክትደርስ ሳጅኑን በልቧ እየሰደበች ነበር።

ወዬሳ የእስር ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«አካም ጅርታ፣ ወዬሳ?»

«እዚህ ውስጥ ደግሞ ምን ፈያ፣ ምን ደህና አለ! ሚስቴ ሜቲ መውለጃዋ ደርሷል፣ እኔ እዚህ ቅማል እቆጥራለሁ። ፍሬኑን አልነካሁም! በየትኛው ቋንቋ ልንገራችሁ?»

«የነካኸው ፍሪሲዮኑን ነው። እንዲለዝብለት። ጉልበቱን አውቃለሁ።»

አፉን ከፍቶ አያት። «ማልኩለት» አለ። «ሠራሁት፣ አልሆነም። አንዴ ረግጦ ጮኸ። ተወው፣ አውቶማቲክ ግዛ አልኩት። ‹አፈላልግልኝ፣ ለሰው ብትተነፍስ ግን ዓይንህን አላይም› አለኝ።»

«ለሞተ ሰው ጉልበት ብለህ የነፍስ ክስ ትሸከማለህ? ሁላችሁም አብዳችኋል!»

በማግስቱ ሁሉንም ማሠልጠኛው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ወዬሳ በካቴና ከሳጅኑ አጠገብ፣ አበዛሽ አግዳሚው ላይ፣ ሐዲስ የቢሮውን በር ተደግፎ።

«ፒካፑ የተገኘው ማርሹ ባዶ ላይ ሆኖ ነው» አለች ሶረቲ። «አቶ ሐዲስ፣ ማናሴ ተማሪዎቹን ቁልቁለት በባዶ ማርሽ ውረዱ ይላቸው ነበር?»

«በጥፊ ነበር የሚላቸው» አለ ሐዲስ።

«እንግዲያው መኪናው ተገፍቶ ነው የወረደው። ጭንቅላቱም የተመታው ከኋላ ነው። ቀድሞ ተገድሏል። አሁን ጥያቄው ከዚህ እስከዚያ ማን ነዳው ነው። ማንዋል መኪና ያለ ግራ እግር ከዚህ በር አይወጣም። ማናሴ ደግሞ ግራ እግር አልነበረውም። ጉልበቱ ከተበላሸ ወራት አልፎታል።»

ሐዲስ ሳቀ። «ማናሴ? ምን ነካሽ እህቴ?»

«እውነት ነው» አለች አበዛሽ፣ ዓይኗን ሳትነቅልበት። «አውቶማቲክ ሊገዛ ነበር።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ጉልበቱን የሚያውቅ ገዳይ ሬሳውን ማንዋል መኪና መሪ ላይ አያስቀምጥም» አለች ሶረቲ። «ሚስቱ ታውቃለች። ወዬሳ ያውቃል። ማናሴ አጥብቆ የደበቀው ከአንድ ሰው ነው። ማርሹን እያንጓጓ ሲወጣ አየሁ ያለኝም ያው ሰው ነው። ሊሆን የማይችል ነገር አዩ፣ አቶ ሐዲስ። ቁልፉ ከጀርባዎ ነበር። ትናንት ወዲያ አመሻሽ ከመልካሳ ወደ አዳማ የመለሰዎትን ሚኒባስ ረዳትም አግኝቼዋለሁ። የራሱን መኪና ግቢ አቁሞ፣ ሱሪው የዚያን ቁልቁለት ጭንጎግት እሾህ ለብሶ፣ በሚኒባስ የሚጋፋ ባለድርጅት በቀላሉ አይረሳም።»

ሐዲስ በሩን ለቀቀ። የሚሄድበት ግን አልነበረም።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «አውቶማቲክ እንግዛ ብዬ ስንት ዓመት የለመንኩት እኔ እኮ ነኝ! አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ...»

«ቢነግርህ ኖሮ» አለች ሶረቲ፣ አንቱታውን ጥላ፣ «ሌላ አገዳደል ትፈልግለት ነበር።»

ሳጅኑ የያዘው አንድ ካቴና ብቻ ነበር። ከወዬሳ እጅ ፈትቶ የሐዲስ እጅ ላይ ቆለፈው። ወዬሳ የቀላ አንጓውን እያሸ አልተንቀሳቀሰም።

«በል ሂድ፣ ነፃ ነህ» አለው ሳጅኑ።

«ይቅርታ የሚል የለም?»

ሳጅኑ ሶረቲን አየ። ሶረቲም አፍጥጣ ጠበቀችው። አፉ ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ጮክ በል» አለ ወዬሳ። «እኔ አልነካሁም ያልኩት ጮኼ ነው።»