የማላዊው ሯጭና የአሰልጣኙ ማንደጃ

ይህ ታሪክ ከአናቱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። አንዲት ቃል ዋሽቼ እንደሆነ የጉና ጅብ ከነጫማዬ ይብላኝ፤ ጫማዬ ደግሞ አዲስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የኢንስፔክተር ጌጤ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ረዳቷ ሙሉቀን ነበር።

«ሩጫ ካምፑ ውስጥ ሰው ሞቷል» አላት። «አሰልጣኝ ደጀን። የገደለው የከሰል ጭስ ነው። ከሰሉን ያስገባው ደግሞ ያ የማላዊ ልጅ ነው። ምርመራው አልቋል፤ እርስዎ መጥተው መፈረም ብቻ ነው።»

«እኔ ሳልመጣ የሚያልቅ ምርመራ ካለ፣ ደመወዝ የምበላው ለምንድን ነው?» አለችና ባጃጅ ጠራች።

ጌጤ የይፋግ ልጅ ናት። በመንገድ ስታልፍ የማን ቤት ወጥ እንዳረረ፣ ያሳረረችውም ሚስቲቱ ትሁን አማቲቱ፣ በአፍንጫዋ ብቻ ትለያለች ይባላል። ካምፑ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የገብስ ማሳው ከሚጀምርበት ነው፤ ከብርዱ የተነሳ አውራ ዶሮ እንኳ ሦስት ጊዜ ሳይስል የማይጮኽበት ቦታ።

የአሰልጣኙ ክፍል አንድ በርና ከጣሪያው ሥር አንዲት ጡብ የምታህል የአየር ቀዳዳ ብቻ አላት። ደጀን አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ የታገለ አይመስልም። ራስጌው የጉንፋን ኪኒን አለ። ግርጌው አመድ የሞላ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። በአየር ቀዳዳዋ ውስጥ ጀርባው ላይ 23 ቁጥር ያለበት ሰማያዊ ማልያ ተወትፏል።

«የማን ማልያ ነው?»

«የልጁ። የቺሶሞ» አለ ሙሉቀን። «ሰፈሩ ጭሶ ነው የሚለው። ስሙ ራሱ ይመሰክርበታል እኮ።»

«በስም የሚፈረድ ቢሆን፣ ሙሉቀን ተብሎ ግማሽ ቀን የሚሠራው ሰው ቀድሞ ይታሰር ነበር። ሂድና ሰዎቹን ሰብስብልኝ።»

እሱ ሲወጣ ጌጤ ቁጢጥ አለችና መዳፏን በአመዱ ላይ ዘረጋች። ይሞቃል። በእንጨት ጫፍ ገለጥ ብታደርገው፣ ሁለት ጣት ከሚያህል አመድ ሥር ፍሙ እንደ ዓይን ፈጠጠባት። አመዱን መልሳ አለበሰችው። ከሟቹ ካፖርት ኪስ ደግሞ ጽሑፉ የተፋቀ የመድኃኒት ብልቃጥ አገኘች። ብልቃጡን ያዘች፤ በሩን አሸገች። ስለ ፍሙ ለሙሉቀን እንኳ አልነገረችውም። ለሙሉቀን መንገር ሐሙሲት ገበያ ወጥቶ እንደ መለፈፍ ነው።

ሌሎቹ ሯጮች ዓርብ ከሰዓት ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሄደዋል። ካምፑ ውስጥ ያደሩት ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ናቸው፤ ምግብ አብሳይዋ ስርጉት፣ ዘበኛው ደሞዜ፣ ረዳት አሰልጣኙ ተስፋነህ፣ እና ቤቱ ከሁሉም የራቀው ቺሶሞ።

ጌጤ በስርጉት ጀመረች።

«ያቀጣጠልኩትስ እኔ ነኝ» አለች ስርጉት እጇን በመቀነቷ እየጠረገች። «ጭሱ እስኪወጣለት ደጅ አቆየሁት። ፍም ብቻ ሲሆን ልጁ ወሰደለት። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

«ምን ያህል ከሰል ነበር?»

«ግማሽ ማንደጃ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አመድ የሚሆን።»

«የልጁን ማልያስ መቼ አየሽው?»

«ዓርብ ጠዋት አጥቤ፣ ሲደርቅ ከሌሎቹ ጋር አጣጥፌ ለተስፋነህ ሰጠሁት። ምነው?»

«ልጁ ክፉ ነው?»

ስርጉት ትንሽ አሰበች። «ክፉስ አይደል። ግን የሰው አገር ሰው ነው፤ ሆዱን በምን አየዋለሁ? ዓርብ ከሰዓት አሰልጣኙ ሲጮኽበት ሰምቻለሁ። ጋሽ ደጀን እንዲያ ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም።»

ደሞዜ ከጉና ሥር የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቀረበ።

«አባ ደሞዜ፣ በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ ልጄ። ጠዋት ሳይወጣ ሲቀር ሄድኩ። በሩ ግጥም ብሏል። ገባሁ፤ እግሩን ብነካው በረዶ። ወጥቼ ጮኽኩ። ሌላ አልነካሁም፤ ማንም እንዲገባ አልፈቀድኩም።»

«ሌሊት ሲዞሩ በበሩ ስንጥቅ የፍም ብርሃን አላዩም?»

«ድቅድቅ ነበር። አጥፍቶት ተኝቷል ብዬ አለፍኩ።»

ተስፋነህ በስፖርት ቱታ፣ ሽቶው ቀድሞት ገባ።

«ልጁ ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም» አለ በሐዘን። «እነሱ አገር ሙቀት ነው፤ የከሰልን ነገር አያውቁም። ብርዱን ለመከላከል ብሎ ቀዳዳውን ደፈነው። ብቻ… ዓርብ ተጣልተው ነበር። እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ማልያዎቹ የት ይቀመጣሉ?»

«ዕቃ ቤት። ቁልፉ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሟቹ ጋ ነው።» ከዚያ ፈጠን ብሎ ጨመረ፤ «የልጁ ማልያ ግን አልተመለሰም ነበር። ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ።»

ጌጤ አንገቷን ነቀነቀች። ምንም አልጻፈችም።

ቺሶሞ መጨረሻ ገባ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በሩጫው አስመጥቶ የሚያስተምረው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። በሐይቅ ዳር ሙቀት ያደገ ነውና ሁለት ሹራብ ደርቦም ይንቀጠቀጣል። አማርኛው ይገባል፤ ወንድና ሴት መለየት ላይ ግን ይወላከፋል።

«አንተ ትልቁ ፖሊስ ነህ?» አላት።

«ነኝ» አለች ጌጤ ሳትስቅ። «ከሰሉን ስታስገባ በሩን ዘጋኸው?»

«አሰልጣኝ ክፍት ተወው አለ። ትንሽ ክፍት ተውኩት።»

«ዓርብ ለምን ጮኸብህ?»

«እስከ ሰኞ አልናገርም። አሰልጣኝ እስከ ሰኞ ዝም በል አለኝ። እሺ አልኩ።»

«አሰልጣኙ እኮ ሞቷል።»

«አዎ» አለ ቺሶሞ። «ሰኞ ግን አልሞተም።»

ጌጤ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልጁ አየው፤ ዓይኑን አነሳ።

«ስማኝ» አለችው ዝግ ብላ። «ሰኞ ጠዋት ሙሉቀን ለዐቃቤ ሕግ ያስረክብሃል። ከዚያ ወዲያ ትምህርትም ሩጫም የለም። ብትፈታ እንኳ ወደ አገርህ ነው የምትሸኘው። ይህ ይገባሃል?»

«ይገባኛል። ቃል ግን ቃል ነው።»

ጌጤ ብዙ ውሸታሞች ታውቃለች። ይህ ልጅ ወይ ከሁሉም የረቀቀ ነው፣ ወይ ጨርሶ መዋሸት አያውቅም። የትኛው እንደሆነ ነገ እለያለሁ ብላ ሄደች።

እሁድ ከሰዓት አራቱንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መሐል ላይ ፍም የሞላ ማንደጃ አስቀመጠች፤ አጠገቡ አንድ ጣሳ አመድ።

«ከነገሬ በፊት አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ» አለች። «ይህ እሳት እስከ ነገ ጠዋት እንዲቆይልኝ እፈልጋለሁ። ቺሶሞ፣ አቆይልኝ።»

ቺሶሞ ከሰል ጨመረበትና በካርቶን ያራግብ ጀመር። ፍንጣሪው የሙሉቀን ሱሪ ላይ አረፈ።

«ኧረ ይሄ ቤት ያቃጥላል እንጂ እሳት አያቆይም» አለች ስርጉት እየሳቀች። ነጥቃው ፍሙን ሰበሰበች፤ አመዱን አፍስሳበት በማንኪያ ጀርባ ደልደል አደረገችው። «እንዲህ ተዳፍኖ ነው የሚያድረው።»

ጌጤ አመዱን በተነችና ለደሞዜ ሰጠች። ሽማግሌው ዓይኑን ሳይገልጥ እንኳ የሚችለው ይመስል ባንድ ጊዜ አዳፈነው።

«እርስዎስ አቶ ተስፋነህ?»

«እኔ?» አለ ተስፋነህ እጁን ኪሱ ከትቶ። «እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። እሳት ማዳፈን የት አውቃለሁ።»

ደሞዜ ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? የእናትህ ቤት ከቤቴ በላይ አይደለም እንዴ? እሳት ልጭር ስመጣ አዳፍነህ የምታቆይልኝ አንተ አልነበርክም?»

ሳቁ ቆመ።

«እኔም ይህንኑ ነበር የምጠብቀው» አለች ጌጤ። «ቅዳሜ ጠዋት የአሰልጣኙን ማንደጃ ገለጥኩት፤ ከአመዱ ሥር ፍም አለ። ስርጉት፣ ሦስት ሰዓት ላይ አመድ ይሆናል ያልሽው እሳት እንዴት ነጋለት? አንድ ሰው ከሰል ጨምሮ አዳፍኖታል። ሊሞቅ የፈለገ ሰው እሳቱን አያዳፍንም፤ የተዳፈነ እሳት ገላ አያሞቅም፤ በተዘጋ ቤት ግን ሲጨስ ያድራል። ብርሃኑም በስንጥቅ አይታይም፤ ለዚህ ነው አባ ደሞዜ ጨለማ ያዩት። ቺሶሞ ደግሞ እሳት ሲያቆይ አያችሁት። የሙሉቀን ሱሪ ይመስክር።»

«ስርጉትም ደሞዜም ያውቃሉ» አለ ተስፋነህ። ድምፁ ቀጠነ።

«ያውቃሉ። ስለሚያውቁም ሳይጠራጠሩ በፊቴ አደረጉት። እኔ ስለዚያ ፍም ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። በዚያ ክፍል ያደረው እሳት የተዳፈነ መሆኑን የሚያውቅ እኔና ያዳፈነው ሰው ብቻ ነን። እሳት ማዳፈንን መካድ የሚያስፈልገውም ለዚያ ሰው ብቻ ነው።»

«አፍሬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ በአሰልጣኝነቴ፣ የጭሰኛ ልጅ…»

«በእናቱ ምድጃ የሚያፍር ሰው አለ፤ ያጋጥማል። ማልያውስ? አልተመለሰም አልከኝ። ስርጉት አጥባ፣ አጣጥፋ በእጅህ ሰጥታሃለች።» ጌጤ «እርስዎ» ማለቱን የተወችው እዚህ ላይ ነው። «ደጀን ኪኒን ውጦ እንቅልፍ ሲጥለው ገባህ። አመዱን ከኩሽና ወሰድክ፤ ማልያውን ከዕቃ ቤት። በሩን ገጥመህ ወጣህ። ለምን እንደሆነ ደግሞ የሚነግረን ልጅ አለ። ቺሶሞ፣ ሰኞ ገና ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ካልተናገርክ አሰልጣኝህ የፈለገው ሰኞ አይመጣም።»

 ልጁ ወደ ተስፋነህ ዞረ።

«መርፌ ነው» አለ። «ቫይታሚን ነው፣ ያስሮጣል አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ብልቃጡን ለአሰልጣኝ ሰጠሁ። አሰልጣኝ ጮኸ፤ በእኔ አይደለም። ስንቱን ልጅ ወግቷል ብሎ ጮኸ። ሰኞ ለአለቆች እናገራለሁ አለ።»

«አየህ» አለች ጌጤ ወደ ተስፋነህ። «በአንድ ማንደጃ ሁለት ሰው ልታጠፋ ነበር። ከሳሹን በጭሱ፣ ምስክሩን በሐሜቱ።»

በጌጤ ጥቅሻ ወጥቶ የነበረው ሙሉቀን ከተስፋነህ አልጋ ሥር ያገኘውን ካርቶን ይዞ ገባ፤ ጽሑፋቸው የተፋቀ ብልቃጦች ሞልተውታል። ተስፋነህ ተቀመጠ። ካቴናው ሲገባለት ዓይኑ ማንደጃው ላይ ነበር።

ከዚያ የካምፑ ሰው ሁሉ ቺሶሞን ከበበው። ደሞዜ ጋቢውን አውልቆ አለበሰው። ስርጉት ጉልበቱን ይዛ ማረኝ አለችው። ሙሉቀን እንኳ ቆቡን አውልቆ፣ በሙሉ ስሙ ጠርቶ፣ ይቅርታ ጠየቀው።

እንግዲህ ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ልናዘዝ፤ አንዲት ነገር ጨምሬአለሁ። ይቅርታውን። እሱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የዚያን ዕለት ሁሉም ስለ ተስፋነህ እያወራ ወጣ፤ ልጁን ዞር ብሎ ያየው የለም። ሰኞ ማለዳ ቺሶሞ ብቻውን ወደ ጉና አቅጣጫ ሲሮጥ በሰፈራችን አለፈ፤ «ጭሶ!» አልነው እንደ ወትሮው። እጁን አነሳልን።