የፊሊጶስ ካርታ

የአየር ትንበያ ባለሙያው ፊሊጶስ ቢከን ሂል ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ከቤዝመንቱ ደረጃ ሥር ማታ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። በማግስቱ ጠዋት ለመጪው የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ያዘጋጀውን ትንበያ ይፋ ሊያደርግ ነበር።

የፖሊስ መርማሪዋ ማንአልሞሽ ነገር ቶሎ አይዋጥላትም። ሌሎቹ ደረጃውን ሲመረምሩ እሷ ከደረጃው አናት ባለው ክፍል ግድግዳውን የሞላ የውቅያኖስ ካርታ ፊት ተገትራ ቀረች። የሞቀው ባሕር ላይ ቀይ ፒን፣ የቀዘቀዘው ላይ ሰማያዊ ይሰካበታል። አሁን አትላንቲኩም ፓሲፊኩም ቀይ በቀይ ነው። ፍሎሪዳ ዳርቻ ላይማ ፒኖቹ ተደራርበው ወረቀቱን ቀደውታል። ሰማያዊዎቹ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ናቸው። ያን የተቀደደ ዳርቻ በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ያለው ሚስቱ ሄዋን፣ የሥራ ባልደረባው ናኦልና የሄዋን ታላቅ ወንድም ጋሽ ሀይለየሱስ እጅ ነው። እሱ በሞተበት ሰዓት ሦስቱም ብቻቸውን ነበሩ።

«ካርታውን ለዓመታት አብረን ነው የሰካነው» አለች ሄዋን ዓይኗ በልቅሶ አብጦ። «ትናንት ግን ቀን ሥራ ስለነበርኩ ብቻውን ሰካ።»

ናኦል ከጎረቤቷ ከተማ ከሬድመንድ እየበረረ ነው የመጣው። «ትናንት ከሰዓት ኮል አድርጎኝ ነበር። ‹ፓሲፊኩ ቀዝቅዟል፣ አትላንቲኩ ሞቋል፤ ዘንድሮ ከባድ ነው› አለኝ።»

«የፓሲፊክ መቀዝቀዝ ከአትላንቲክ ጋር ምን አገናኘው?»

«ኦኬ፣ ፓሲፊኩ ሲሞቅ አትላንቲክ ላይ ከላይ ነፋስ ይበረታና ሀሪኬኑን ሳይጠነክር ይበታትነዋል። ሲቀዘቅዝ ግን ያ ነፋስ ይደክምና ሀሪኬኑ ይጠነክራል።»

ጋሽ ሀይለየሱስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ዝናቡን ያዳምጣሉ። ልጃቸው ሚርያም ከሁለት ዓመት በፊት ፍሎሪዳ ውስጥ በአውሎ ነፋስ ሞታለች። ያን ዓመት ፊሊጶስ «ዘንድሮ ረጋ ያለ ነው» ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ፊሊጶስን ተቀይመውት ነበር?»

«ዝናብ ሲጥል በር ታንኳኳለች» አሉ። «‹አባዬ፣ ውሃው ገባ› ትለኛለች። ስከፍት ማንም የለም።»

ማንአልሞሽ አንጀቷን በሏትና ደግማ አልጠየቀቻቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ካርታው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ለናኦል እንደነገረው ከሆነ ፊሊጶስ ፓሲፊኩ ላይ የሰካው ሰማያዊ ነው። ያንን ነቅሎ ቀይ የሰካበት ሰው ነው ከደረጃው የገፋው» አለች።

«ትንበያውን ማለዘብ የፈለገ ሰው ይሆናላ!» አለ ናኦል።

«እሱማ ቢሆን የአትላንቲኩን ቀይ ይነቅል ነበር። ይሄኛው ግን እዚያም ጨመረበት። የፈለገው ሰውን ማስፈራት ነው። ግን ፓሲፊኩን ቀይ ሲያደርግ ሳያውቅ ማስጠንቀቂያውን አለዘበው። ናኦል እንዲህ አይሳሳትም። ሄዋንም ስትሰካ ነው የኖረችው። ቀይ ሁሉ አደጋ፣ ሰማያዊ ሁሉ ሰላም የሚመስለው አንድ ሰው ይቀራል። ፍሎሪዳ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ እስኪቀደድ የሰካው ሰው።»

ሄዋን ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጋሼ?»

ሽማግሌው አልካዱም። «ያን ሁሉ ሰማያዊ ሳይ ዘንድሮም ረጋ ያለ ነው ሊል ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ሊያስበላ ነው አልኩ። ሰው ሰምቶ እንዲሸሽ ብዬ ነው ቀይ የሰካሁት።»

«ጋሽ ሀይለየሱስ፣ ያን ዓመት እኮ የተነሱት አውሎ ነፋሶች ጥቂት ነበሩ» አለ ናኦል። «ስንት እንደሚነሳ እንጂ የት እንደሚወድቅ ከወራት በፊት ማንም አያውቅም። ሚርያምን ያገኛት አንዱ ነው።»

«ሰማያዊው ነበር ማስጠንቀቂያው» አለች ማንአልሞሽ ቀስ ብላ። «ዛሬ ጠዋት ‹ተዘጋጁ› ሊላቸው ነበር።»

ጋሽ ሀይለየሱስ ካርታውን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ፓሲፊኩ ላይ የሰኩትን አንድ ቀይ ፒን ነኩ።

«‹ጋሼ፣ ይቆዩ፣ ላስረዳዎት› አለኝ» አሉ። «ስገፋው ጣቱ ወደ ካርታው ነበር።»